ባጃጁን የምትነዳው ፍየል፦ ሕፃናት አስቂኝ የሥዕል ግጥም ለምን ይወዳሉ?

ለማሳያ በተገጠመ አራት መስመር እንጀምር፦

አያ ጅቦ ሰኞ ማልዶ፣
ባቲ ገባ ቆላ ወርዶ።
ጫማ ገዛ ለፊት እግሩ፤
ኋለኞቹ ባጃጅ ጠሩ።

ይህን ያለ ሥዕል ለአራት ዓመት ልጅ ቢያነቡለት ፈገግ ይል ይሆናል። ሥዕል ሲታከልበት ሌላ ነገር ይሆናል። ጅቡ የፊት እግሮቹን አዲስ ጫማ አልብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል፤ የኋላ ግማሹ ባጃጅ ውስጥ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። የባጃጁን መሪ የያዘችው ፍየል ናት። ግጥሙ ስለ ፍየል አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ጅቡም ፊት ፊቱን ስለሚያይ አላወቀም። የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው። ጣቱን ወረቀቱ ላይ ተክሎ "ፍየሏ! ፍየሏ!" የሚለውም ለዚህ ነው።

የአስቂኝ የሥዕል ግጥም ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። ግጥሙ አንድ ነገር ይላል፣ ሥዕሉ ከዚያ ትንሽ ፈንጠር ያለ ነገር ያሳያል፤ በሁለቱ መሀል የቀረውን ልጁ ራሱ ያገኘዋል። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው እሱ ነው፤ መንገዱን፣ ሰዓቱን፣ ዋጋውን ሁሉ ሌላ ሰው ይነግረዋል። እዚህ ገጽ ላይ ግን እናቱ ፊደሉን እየተከተለች ሳለ እሱ ሥዕሉን ጨርሷል። ከጅቡም ከእናቱም ቀድሟል። "ደግመሽ አንብቢልኝ" የሚለው ያንን ብልጫ መልሶ ለመቅመስ ነው።

በአማርኛ ከሚታተሙት የሕፃናት ግጥሞች ብዙዎቹ ይህን ዕድል በሁለት መንገድ ያባክኑታል። አንደኛው ድግግሞሽ ነው፤ ግጥሙ "ላሟ ሣር ጋጠች" ይላል፣ ሥዕሉም ሣር የምትግጥ ላም ነው። ልጁ የሚያገኘው ነገር ስለሌለ ዓይኑ ከገጹ ይነሳል። ሁለተኛው የመጨረሻው መስመር ነው። ጅቡ ባጃጅ ጠርቶ ሲያበቃ "እናንተም ልጆች ትዕቢትን ተዉ" የሚል ስንኝ ይለጠፍበታል። ተረትን በምክር መደምደም የቆየ ልማድ ነው፤ ተረቱ ረዘም ስለሚል ይችለዋል። አራት አጫጭር መስመር ግን ምክር ስትሸከም ወገቧ ይቆረጣል። ልጁም በሚቀጥለው ንባብ ያቺ መስመር ስትደርስ ገጹን ቀድሞ ይገልጠዋል፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሂስ የለም።

ጉዳዩ ከጨዋታ ያለፈ ክብደት አለው። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ብዙ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ባቲ በምትገኝበት ወሎ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲያልፍ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከነመጽሐፋቸው ተጎድተዋል። በዚህ መሀል ስልክ በየቤቱ ገባ። የልጆች መዝሙር ስልክ ላይ ያለ ማንም እገዛ ይጫወታል፤ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ቪዲዮው ነው፤ ልጁ ፍየሏን ፈልጎ ሳያገኛት ትዕይንቱ ያልፋል። ወረቀት ይጠብቃል።

"ሳቁስ ይሁን፣ ትምህርቱ የታለ?" የሚል ወላጅ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1983 የእንግሊዝ ተመራማሪዎቹ ሊኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት ከ400 በላይ ሕፃናትን አራት ዓመት ተከታትለው ያወጡት ጥናት እስካሁን ይጠቀሳል። ማንበብ ሳይጀምሩ ቤት የሚመታውን ቃል ከማይመታው በጆሮ መለየት የቻሉት ልጆች፣ በኋላ በንባብና በቃላት አጻጻፍ በልጠው ተገኙ፤ ድምፅ መለየትን ከፊደል ጋር አጣምረው የተለማመዱት ደግሞ ይበልጥ ጠቅሟቸዋል። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንዳለ ወደ አማርኛ አይገለበጥም። ያም ሆኖ የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢውን አጣብቆ የሚጽፍ ነው፤ "ሩ"ን ከ"ራ" በጆሮው የለየ ልጅ ገበታው ላይ ሲያገኛቸው እንግዳ አይሆኑበትም። ይህ የሚመጣው ግጥሙ ሲደጋገም ነው፤ ልጅ የሚያስደግመው ደግሞ ያሳቀውን ነው።

ልጆች የሚስቁበት ነገር በዕድሜያቸው ይለያያል። በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ የሠራው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ማክጊ የሳቅን ዕድገት በደረጃ ከፍሎታል። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ የሆነውን ሕፃን ያለ ቦታው የዋለ ዕቃ ያስቀዋል፤ ሰፌድ ባርኔጣ ሲሆን፣ የቡና ስኒ ስልክ ሲሆን። ሁለት ዓመት ሲያልፈው ስም ማዛባት ይጀምራል፤ ድመቷን "ውሻ" ብሎ ጠርቶ ራሱ ይንከተከታል። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ እስከ ስድስት ሰባት ዓመቱ ድረስ የሚያስቀው የሚያውቀው ሥርዓት ሲፈርስ ነው፤ እንስሳ ጫማ ሲያደርግ፣ እግር ከባለቤቱ ተለይቶ ሲሄድ። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ሲመጣ መሳቅ የሚጀምረው ግን ሰባት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው።

ይህ የአማርኛ ገጣሚን ይፈትናል፤ ዋድላን የመሰለ የቅኔ ቤት ባፈራ አገር ደግሞ ይበልጥ። ሰምና ወርቅ የለመደ እጅ ለሕፃን ሲገጥምም ኅብረ ቃል፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል፣ ይፈልጋል። "ጫማ ሽቶ ባቲ ገባ" የሚል መስመር አዋቂን ፈገግ ያሰኛል፤ ጅቡ ጫማ ፈልጎ ነው ወይስ ጫማና ሽቶ? የአራት ዓመቱ ልጅ ግን "ሽቶ"ን በፍላጎት ትርጉሙ ከቶ አልሰማውም፤ መስመሩ አጠገቡን አልፎ ይሄዳል። ገጣሚው ቃሉን የግድ ከወደደው ማዳኛው ሥዕሉ ነው። ጅቡ ብብቱ ሥር የሽቶ ብልቃጥ ሲነፋ ይሳል፤ ትንሹ በጅብና በሽቶ ይስቃል፣ የሰባት ዓመት እህቱ ቃሉን ትይዘዋለች። ሁለቱም አንድ ገጽ ላይ ይቆያሉ። ወንድምና እህት በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ በሚቀመጡበት ቤት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የሥርዓት መፍረስ የሚያስቀው ሥርዓቱን ለሚያውቅ ነው። ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ግመል ማየት ብርቅ ስላልሆነ፣ ባጃጅ ውስጥ አንገቱ አልገባ ያለው ግመል የዚያን አገር ልጅ ያስቀዋል። ግመል አይቶ የማያውቅ የደላንታ ደገኛ ልጅ ግን መጀመሪያ "ይኼ ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ሲመለስ ሳቁ አልፏል። ለእሱ ከራሷ ፀጉር የተሠራ ባና ደርባ እሳት የምትሞቅ በግ ትሻላለች። ለሐይቅ ልጅ ዝናብ ፈርቶ ጃንጥላ የዘረጋ ዓሣ። ከኢንተርኔት እንዳለ የሚወርድ ሥዕል የሚከሽፈውም በዚህ ነው፤ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ፔንግዊን ለከምቦልቻ ልጅ ራሱ ተረት ነው፣ ኮፍያ ቢደፋ ባይደፋ ለውጥ የለውም።

አሁን አሁን ሥዕሉን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚተዉ አዘጋጆች እየበዙ ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ጅቡ ገጽ 3 ላይና ገጽ 4 ላይ ያው ጅብ ሆኖ አለመገኘቱ ነው፤ ነጠብጣቡ ይለወጣል፣ የጫማው ቀለም ይቀየራል፣ አንዳንዴም አምስተኛ እግር ይበቅላል። አዋቂ ያልፈዋል። ልጅ አያልፈውም፤ ሥዕሉን የሚያነበው እሱ ነውና ሌላ ጅብ የመጣ መስሎት ታሪኩ ይጠፋበታል። በእርሳስ ተነድፎ በጥቁር ቀለም የደመቀ፣ ከገጽ ገጽ የማይለዋወጥ ጅብ ከእንዲህ ያለው አብረቅራቂ ሥዕል ይሻላል።

ወደ ምቱ ስንመጣ፣ የአማርኛ ግጥም የሚለካው በፊደል ብዛት ሳይሆን በቀለም፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ከአፍ በሚወጣ የድምፅ ክፍል ነው። "ድመት" ሦስት ፊደል ሁለት ቀለም ናት፤ "እንቁራሪት" ስድስት ፊደል አራት ቀለም። ከላይ ያለው ግጥም የቡሄ በሉ ቤት ነው፤ አራት ቀለም፣ ትንሽ ዕረፍት፣ አራት ቀለም። ልጆች ነሐሴ ላይ በየደጁ "ሆያ ሆዬ" የሚሉበት ምት በመሆኑ ጆሯቸው ቀድሞ ያውቀዋል። ስድስት ስድስት ቀለም ያለው የወል ቤት ለአዋቂ የታወቀ ቢሆንም ለአራት ዓመት ልጅ ትንፋሹ ይረዝማል። ትልቁ ስህተት ግን የቤቱ ምርጫ አይደለም፤ ትርፍ ቀለም ሾልካ መግባቷ ነው። "ኋለኞቹ እግሮች ባጃጅ ጠሩ" ቢባል ትርጉሙ አይጎድልም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ግማሽ ከአራት ወደ ስድስት ቀለም ይዘላል። የተማረ አንባቢ ፈጠን ብሎ ጉድለቱን ስለሚሸፍነው ገጣሚው አያውቅም። ልጁ ግን ያንን መስመር በቃሉ አይዝም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ እያጨበጨቡ ማንበብ። እጅ የሚሰናከልበት ቦታ የልጁም ምላስ ይሰናከላል።

ቤት መምታትም ወጥመድ አለበት። ይህን የወል ቤት እዩት፦

እሜት ጦጣ ቡና ለሰፈር አፍልታ፣
አቦል ቶና ስትል በረካውን ረስታ።

ቤቱ ይመታል፤ ግን ያስመታው ሰዋስው ነው። "አፍልታ፣ ረስታ፣ መጥታ፣ በልታ" ሁሉም በአንድ ጅራት ያልቃሉ፤ ገጣሚው ሳይለፋ መጽሐፍ ሙሉ መግጠም ይችላል፣ ልጁም ምን ሊመጣ እንደሆነ ለመገመት አይጓጓም። በጅቡ ግጥም ውስጥ "ማልዶ" እና "ወርዶ" የዚሁ ዓይነት ርካሽ ጥንድ ናቸው። መነሻ ላይ ስለሆኑ ይሁን። ሳቁን የሚሸከመው ሁለተኛው ጥንድ ነው፤ አንዱ ስም ከነባለቤቱ፣ አንዱ ግስ፦ "እግሩ" እና "ጠሩ"። ልጁ ሦስተኛውን መስመር ሰምቶ "ኋለኞቹ..." ሲባል "ባዶ ቀሩ" ብሎ ለመጨረስ ያኮበኩባል። ቤቱ ይመታለታል፣ ምቱም ይገጥማል። ከዚያ እግሮቹ ባጃጅ ይጠራሉ። ግምቱ ትክክል መስሎ ሲከሽፍ ነው የሚፈነዳው።

አማርኛ እዚህ ላይ ለሥዕል መጽሐፍ የተፈጠረ ያስመስለዋል። ግሳችን መጨረሻ ላይ ይመጣል። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በምን እንደሆነ ሁሉ ተነግሮ ካለቀ በኋላ ነው ምን እንዳደረገ የሚታወቀው። ስለዚህ መስመሩን ከግሱ በፊት ቆርጦ ቀሪውን ከገጹ ጀርባ መደበቅ ይቻላል። "ኋለኞቹ" በቀኝ ገጽ ግርጌ ይቀራል፤ ልጁ ይገልጣል፤ "ባጃጅ ጠሩ" በግራ ገጽ አናት ላይ ከነሥዕሉ ይጠብቀዋል። ጨዋታው አዲስ አይደለም፤ "እንቆቅልሽ" ሲባል "ምናውቅልሽ" ብሎ የመለሰ ልጅ ጥያቄና መልስ ተነጣጥለው እንደሚመጡ፣ በመሀሉም መጠበቅ እንዳለ ያውቃል። አገር ስጠኝ እስኪባል ድረስ ያለው ያ ጉጉት ነው ወረቀት ላይ የሚተከለው። ብዙ የታተሙ መጻሕፍት ግን አራቱንም መስመር በአንድ ገጽ፣ ሥዕሉን ከጎኑ አድርገው ያወጡታል፤ መልሱ ከጥያቄው ጋር አብሮ ይታያል።

ይህን በደሴም ሆነ በወልድያ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አቅም መሥራት ይቻላል። አራት ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ 16 ገጽ ያለው መጽሐፍ ይወጣል። በውጭኛው ወረቀት ፊት ገጽ 16 እና 1፣ በጀርባው 2 እና 15 ይውላሉ፤ ቀጥሎ 14 እና 3፣ በጀርባው 4 እና 13፤ ቀጥሎ 12 እና 5፣ በጀርባው 6 እና 11፤ መሀለኛው 10 እና 7፣ በጀርባው 8 እና 9። ጎዶሎ ቁጥር ሁልጊዜ በቀኝ ስለሚውል ማንጠልጠያው መስመር ጎዶሎ ገጽ ላይ፣ መፍቻው ሙሉ ቁጥር ላይ ይሁን። ከ3 ወደ 4 ጀምሮ ከ13 ወደ 14 እስኪደርስ ስድስት ጊዜ ገልጦ መሳቅ ይቻላል፤ ለሦስትና አራት ዓመት ልጅ ስድስት ይበቃዋል። በሁለት በኩል ሲታተም ማሽኑ በወረቀቱ አጭር ጎን እንዲገለብጥ ካልተነገረው ግማሹ ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል፤ ይህ ሁሌ የሚያጋጥም ነው፣ አንድ ቅጂ አይቶ ነው ማባዛት። ተራ ስቴፕለር እጥፋቱ ድረስ አይደርስም፤ በወፍራም መርፌ ሦስት ቀዳዳ በስቶ በክር መስፋት ይሻላል።

የሥዕሉ መስመር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ይኑረው። የእርሳስ ጥላ ፎቶ ኮፒ ላይ ወይ ይጠፋል ወይ ይጨቀያል፤ ስለዚህ ጥላ በሰረዝ ይሠራ። ማሽኑ ዳሩን ስለሚቆርጥ ከጠርዝ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይተው። የፍየሏ ፊት ደግሞ እጥፋቱ ላይ እንዳይውል። ጽሑፉ ከ20 እስከ 24 ነጥብ ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅጂ የ"ሌ" ቀለበት ይደፈንና "ሊ" ይመስላል፣ ፊደል የሚለይ ልጅም ሳያጠፋ ይሳሳታል። ሌላም አለ፤ ገጽ 5 ላይ ጅቡ ጫማውን ሲሞክር ባጃጁ መታየት የለበትም። ሠዓሊው ከጓጓ አንዲት ጎማ በገጹ ጥግ ያሾልክ።

ኬጂና ዜሮ ክፍል ውስጥ፣ አምሳ ልጅ በተቀመጠበት፣ ትንሿ መጽሐፍ አትበቃም። መምህራን የሚያውቁት መላ አለ፤ የማዳበሪያ ከረጢት። ታጥቦ፣ በስፌቱ ተተርትሮ፣ ከላይ በእንጨት ተወጥሮ ይሰቀላል። የሽመናው ጎድጓዳ ቀጭን መስመርን ስለሚቆራርጥ ወፍራም ማርከር ያስፈልጋል፤ የሚጻፍበትም በውሃ የማይለቅ ማርከር መሆን አለበት፣ የነጭ ሰሌዳው ማርከር በልጆች መዳፍ ይጠፋል። ስድስት ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ልጅ ፊደሉ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው። ከረጢት ገጽ ስለማይገለጥ "ባጃጅ ጠሩ" የሚለውን ከነሥዕሉ በተጣፈ ክዳን መሸፈን ይቻላል፤ ክዳኑን የሚገልጠው ልጅ በተራ ይመረጥ።

ስለ ንባቡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። "ኋለኞቹ" ላይ ድምፅን ሳያወርዱ ቆም ማለት ነው። ፍየሏን በጣት ማሳየት አይገባም፤ በመጀመሪያው ንባብ ማንም ካላያት በሦስተኛው አንዱ ያያታል፤ ያኔ ለሌሎቹ የሚያሳየው እሱ ይሆናል። ሲያልቅ "ምን ተማርን?" አለመጠየቅ። አንባቢው አስቀድሞ ለራሱ አንዴ ያንብበው፤ ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። "ገና መጣ" ላልቶ ሲነበብ አሁን መድረሱ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ አንባቢ እዚያ ላይ ከተደናገረ ሳቁ ይመክናል።

ወሎ ውስጥ የሚገጥም ሰው ሌላም ነገር ያስባል። አንድ ወንበር ላይ የሙስሊምና የክርስቲያን ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እንስሳቱ አንድ ማዕድ ላይ ሥጋ ሲበሉ ቢሳል፣ ማን አረደው የሚለው ጥያቄ ከቤት ተከትሎ ይመጣል፤ ቡናና ቆሎ ሁሉንም ያስማማል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ደግሞ በራሱ ሦስት ገጽ ነው። የሼህ ጥምጣም ወይም የቄስ ቆብ ጦጣ ላይ መድፋት አዋቂዎች በቃል የሚሳሳቁበት ሊሆን ይችላል፤ ታትሞ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን መጽሐፉን ያስወጣዋል። ሳቁ የሚወድቀው በጉረኛው ላይ ይሁን፤ ጅብ ለዚህ የተመቸ ነው። የሚያነክስ፣ የሚንተባተብ ወይም የገጠር አነጋገር ያለው ሰው መሳቂያ ከሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ ያንን የሚመስል ልጅ ይኖራል።

ከሚሴና ባቲ ብዙ ልጆች አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ናቸው። እዚያ የአማርኛውን ግጥም መተርጎም ከንቱ ድካም ነው፤ ቤቱም ምቱም ይፈርሳል። ሥዕሉን ይዞ በኦሮምኛ አዲስ መግጠም ይሻላል። ኦሮምኛም ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ስለሆነ የገጹ አቆራረጥ እንዳለ ያገለግላል። በቁቤ ሲጻፍ ረጅም አናባቢና ጠብቆ የሚነበብ ድምፅ በሁለት ፊደል ስለሚጻፉ መስመሩ ይረዝማል፤ ሠዓሊው ለጽሑፉ ሰፋ ያለ ቦታ ከወዲሁ ይተው።

ከማባዛት በፊት ለአምስት ስድስት ልጆች ማንበብ ግድ ነው። የገጣሚው የራሱ ልጆች አይቆጠሩም፤ ቀልዱን ቤት ውስጥ ሰምተው ጨርሰዋል። የሚያነበውም ቀልደኛ ሰው አይሁን፤ ልጆቹ በእሱ ፊት ይስቁና ግጥሙ ያሳቃቸው ይመስላል። ፊቱን የማያጫውት፣ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ይሻላል። ሌላ ሰው ጥግ ይዞ ልጆቹ የትኛው ገጽ ላይ እንደሳቁ፣ የትኛው ላይ ዓይናቸው ወደ በሩ እንደሄደ ይመዝግብ። ዓይን ወደ በሩ ከሄደበት ገጽ ላይ መጀመሪያ የሚመረመረው ሥዕሉ ነው፤ ግጥሙን መልሶ ተናግሮት እንደሆነ ፍየሏ ሌላ ቦታ ትሳል።